ዘንድሮ ሜዳ ሜዳውን

ይድረስ ለእታለም አጸደ፣

አንቺም ቤትሽም እንደምን ከርማችኋል? እዚህ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ብርዱ ገብቷል፤ እኔ ግን እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የጻፍኩልሽ ከመደወል መጻፉ ስለቀለለኝ ነው።

በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ኦፍ ስለሆንኩ ወደ ተራሮቹ ፓርክ ልሄድ አስቤያለሁ። በየዓመቱ በረዶው ሳይጠና ከሊሊ ጋር የምንሄድበት ነው። ዘንድሮ “ዳድ፣ ቢዚ ነኝ” ብላ ከሲያትል ሳትመጣ ቀረች። አልተቀየምኳትም። እሷ ካለች ዳገቱን ሮጣ ወጥታ “ና እንጂ” ትላለች፤ እንኳንም ቀረች። ጓንቷ ግን አሁንም ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ነው፤ አላወጣሁትም።

እኔም ዳገቱን ትቼ ሐይቁን የሚዞረውን ሜዳ መንገድ መርጫለሁ። ለዊልቸር የተሠራ ነው፤ በየቦታው መቀመጫ አለው።

ዊልቸር ካነሣሁ፣ ኤርፖርት መንገደኛ መግፋቱን ትቻለሁ። አለቃዬ ዴስክ ላይ አስቀምጦኛል። የሥራ ባልደረባዬ ኢዮብ “ጋሽ ለገሠ፣ ሹመት ያዳብር” እያለ ይቀልድብኛል፤ ስንወጣ ግን ቦርሳዬን ተቀብሎ እስከ ባቡሩ የሚይዝልኝ እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው። አባባን ያስታመምሽው አንቺ ነሽ። ትንፋሽ እያጠራቸው ጋደም ብለው መተኛት ሲያቅታቸው፣ መጀመሪያ ላይ የሚደገፉት ስንት ትራስ ነበር? መልሱን ለእኔ ብቻ ንገሪኝ፤ ሊሊ ስትደውልልሽ አታንሺባት።

ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ ሳሚልኝ። ዓይን ለዓይን ለመተያየት ያብቃን።

ወንድምሽ ለገሠ