ግራሩ የዋጣቸው ምስማሮች

ሰኞ፣ ሰኔ 15

ሰንሰለቱ ተበጠሰ! የሞተር መጋዙ ሁለት ጣት ያህል እንኳ ሳይገባ እሳት ተረጨ። ጌትነት ወደ ኋላ ዘለለ። እኔም ሰባ ሰባት ዓመቴን ረስቼ ከሱ አርቄ ዘለልኩ። ማንም አልተጎዳም፤ ተመስገን። ሁለቱ ገመድ ያዦች እኔን አይተው ሳቁ። ይሳቁ፤ የነሱንም እርጅና እናያለን።

ጌትነት የልጄ ባል ነው። መጋዙም የሱ፣ አለቃውም እሱ። የኔ ሥራ ዛፉ ወዴት እንደሚወድቅ መናገርና ገመዱ የት እንደሚታሰር ማሳየት ነው። ከመርሳ ግራና ድረስ በባጃጅ ጭነው የሚያመጡኝ ለዚሁ ነው። ወይም ልጄ ከቤት ውጣልኝ ብላ ነው፤ አልጠየቅኳትም።

ዛፉ ትልቅ ግራር ነው። አምና ጎርፍ ሥሩን አጥቦት ወደ ዘነቡ ቤት ዘምሟል። ዘነቡ ባሏ የሞተባት ናት፤ ከዚያች ቤት በቀር ምንም የላትም። የክረምቱ ዝናብ አፈሩን ሳያላላው መጣል አለበት። የቀበሌው ፈቃድ በእጃችን ነው። ቅርንጫፉ ለሷ፣ ግንዱ ለኛ ተባብለናል። "አባባ፣ እህቴ ቤት እያደርኩ እንኳ ነፋስ ሲነፍስ እላዬ ላይ የሚወድቅ ይመስለኛል" አለችኝ።

ጌትነት የተቆረጠውን ቦታ በመጥረቢያ ፈለፈለው። የዛገ ምስማር! "ደሞ ዛፍ ውስጥ ምስማር የሚቀብር ማን አባቱ ነው?" ብሎ ጮኸ።

ማን አባቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ገመዱን መጠቅለል ጀመርኩ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16

ለሰው ከመናገሬ በፊት እዚህ ልጻፈው።

ከአርባ ዓመት በፊት ነው፤ ይበልጥም ይሆናል። ያኔ ሰይድና እኔ እዚሁ ግራና ባለ ሁለት እጀታ መጋዝ ይዘን እንጨት እንቆርጥ ነበር። እሱ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። አንድ ቀን ሰይድ ጥርሱን ታሞ ጉንጩ እንደ ቅል አብጦ መጣ። "መድኃኒቱ እኔ ጋ ነው" አልኩት። "ከዚያ ግራር ፊት ተንበርከክ። አፍህ በደረሰበት ልክ ምስማር ምታ። ሕመሙን ዛፉ ይወስደዋል።"

አመነኝ። ተንበርክኮ ሲመታ እኔ ከአጥር ጀርባ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ጉዱ የመጣው በማግስቱ ነው። ሕመሙ ለቀቀው! ለአገሩ ሁሉ አወራ። ከግራናም ከውርጌሳም ጥርሱን የታመመ ሁሉ ምስማርና መዶሻ ይዞ ይመጣ ጀመር። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ይኸው አረጀሁ።

የሠራሁትን ሥራ ተመልከቱ። ሁሉም ተንበርክኮ ስለመታ ምስማሮቹ ያሉት እኛ መቁረጥ ባለብን ቁመት ልክ ነው። ዝቅ እንዳንል ሥሩ በስብሷል። ከፍ እንዳንል ግንዱ ለሁለት ይከፈላል። ቅርፊቱ ደግሞ ምስማሮቹን ውጧቸዋል፤ ከውጭ አይታዩም። የት የት እንዳሉ የሚያውቁት የመቱት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ጌትነት ወልድያ ሄዶ ሰንሰለት አገኘ። አንድ ብቻ። "ይሄ ከተበጠሰ ትተነው እንሄዳለን" አለ። ዘነቡ ቆማ ትሰማ ነበር። አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። ገብታ ቤቷን ጠረገች። የማታድርበትን ቤት!

ለነገ፦
ሰዎቹን መፈለግ።
እውነቱን መናገር።
ሰይድ ጋ መሄድ። እሱ መጨረሻ ላይ ይሁን።

ረቡዕ፣ ሰኔ 17

እውነት መናገር እንዲህ የሚያደክም መሆኑን ባውቅ ያኔ አልዋሽም ነበር።

መጀመሪያ እማማ ከድጃ ጋ ሄድኩ። በዕድሜ እኔንም ይበልጡኛል። "እማማ፣ ያ የጥርስ ምስማር ውሸት ነው። የፈጠርኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"አንተ? ያሻረኝ አላህ ነው፤ አንተ ማን ነህና ነው!"

"እሺ፣ ታዲያ ምስማርዎን እንንቀላት?"

"ወላሂ አትነካትም! ጥርሴ ቢነሣብኝስ?"

የቀረቻቸው አንዲት ጥርስ ናት። "የትኛዋ ነች የምትነሣው?" አልኩ። በከዘራቸው አባረሩኝ። ይቺ ምላሴ መቼም አትታረም።

ሌሎቹም እንደዚያው። ሁሉም ለዘነቡ አዘኑላት። ሁሉም ምስማራችንን አናሳይም አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሰይድ ጋ ደረስኩ። ደጁ ላይ ሙሰበሃውን ይቆጥር ነበር። ሳልቀመጥ ነገርኩት። መቁጠሩን ተወና፣ "ከአጥር ጀርባ ነበርክ?" አለኝ።

"ነበርኩ።"

"ሳቅህ?"

"ሳቅሁ።"

"ለልጆቼ ነግሬያለሁ። ለልጅ ልጆቼም ነግሬያለሁ።"

ፊቱን አዞረ። ሰይድን የማስቅበት ቃል አጥቼ አላውቅም፤ ዛሬ ግን አጣሁ። ይቅርታ አልኩት። ሙሰበሃውን መቁጠር ቀጠለ። ልሄድ ስል ነው፣ "የዘነቡ ቤት ነው ያልከው?" ያለኝ።

"አዎ።"

"ነገ ጠዋት እመጣለሁ። የምታወጣው ግን አንተ ነህ። ተንበርክከህ።"

ሐሙስ፣ ሰኔ 18

ጉልበቶቼ ደብተሩን እንኳ አላስቀምጥ ብለውኛል፤ ተጋድሜ ነው የምጽፈው።

ሰይድ ብቻውን አልመጣም። እማማ ከድጃንና ሌሎች ስምንት ሰዎችን አስከትሎ መጣ። "የኔ ምስማር መጀመሪያ ይውጣ" ብሏቸዋል። "ጥርሴ ከተነሣብኝ እናንተ ተመለሱ። ካልተነሣብኝ ግን አንድም ሰው አይቅር።"

ከግራሩ ፊት ተንበረከከ። ነጭ ጢሙ ቅርፊቱን ነካ። "እዚህ ነው" አለ። እኔም ተንበርክኬ በመሮ ፈለፈልኩ። ሦስት ጣት ያህል ገብቼ አገኘሁት። ስነቅለው ሰው ሁሉ የሰይድን አፍ አየ። ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ በዚያ በኩል አኘከ። ቀስ ብሎ አኘከ፤ ሆነ ብሎ ነው። "ደኅና ነው" አለ።

ከዚያ በኋላ ተራ ይዘው ተንበረከኩ። እማማ ከድጃ ተደግፈው ወርደው፣ "ይቺውልህ፣ ቀስ ብለህ ንቀላት" አሉኝ። ሰይድ በላዬ ቆሞ፣ "ዝቅ በል እንጂ! እኔ እንዲያ ነው የሆንኩት!" እያለ ያስቅብኛል። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰባት ሰዓት ላይ ዐሥረኛው ወጣ።

"የሞተ ሰው ምስማር ቢኖርስ?" አለ ጌትነት። ይኖራል፤ ሁላችንም እናውቃለን። የሞቱትን ማን ያንበረክካቸዋል? ቅርፊቱን በመዳፌ ዳሰስኩት። አንድ ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት ነካሁ። ፈለፈልኩ። ዐሥራ አንደኛው!

ጌትነት መጋዙን አስነሣ። እኔና ሰይድ ከሁለቱ ገመድ ያዦች ጋር ገመዱን ያዝን። መጋዙ ድምፁን በቀየረ ቁጥር ገመዱን አጥብቄ እይዛለሁ። ገባ፣ ገባ፣ አልፎ ሄደ። "ሳቡ!" አልኩ። ግራሩ አጉረመረመና ወዳልኩት ባዶ መሬት ተጋደመ። የዘነቡ አጥር ሦስት እንጨት ተሰበረ፤ ቤቷን ግን አቧራው ብቻ ነካው።

ዘነቡ ግድግዳዋን በእጇ ዳሰሰችና ከእህቷ ቤት ፍራሿን ተሸክማ መጣች።

ዓርብ፣ ሰኔ 19

ዛሬ ገብርኤል ነው። መጋዝ አላስነሣንም።

ጥርሴን አመመኝ። በግራ በኩል፣ ከታች። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ለጌትነት ብነግረው ለገመድ ያዦቹ ይነግራቸዋል።

ሰይድ ጁምዓውን መርሳ ሰግዶ ሊጠይቀኝ ጎራ አለ። ጉንጬን አየ። "ኧረ በአላህ!" ብሎ ቁጭ አለ። ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የሱ የዛገ ምስማር። "ዛፍ ምረጥ" አለኝ፤ "እኔ ከአጥር ጀርባ እሆናለሁ።"

ሳቅን። እኔ ጉንጬን ይዤ፣ እሱ ሆዱን ይዞ። ታርቀናል መሰለኝ። ሲሄድ ምስማሩን ትቶልኝ ሄደ።

ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ቁርጥ ነው። የተማረ ሰው ይንቀለው።

ከጓሮ ያለውን ባሕር ዛፍ ግን ሁለት ጊዜ ወጥቼ አየሁት።