«ብ» የተጻፈበት ጎማ የት አለ?

ለጸዳል መንገድ ጎማ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት
ለተከበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ አስረክቤዎት የነበሩ ሦስት ጎማዎችን፣ በተለይም እስካሁን ያልተገኘውን አንዱን ይመለከታል

የተከበሩ ጌታዬ፣

አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እያልኩ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ለመኪናዎም ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ማለዳ ከቤትዎ ሲወጡ የሚይዙት መሪ በእጅዎ ላይ የማይንቀጠቀጥ፣ ከሥርዎ ያለውም ጎማ እስከ ቢሮዎ በር ድረስ ጎማ ሆኖ የሚዘልቅ እንዲሆን ከልቤ እጸልያለሁ። ይህን እንደ ተራ የደብዳቤ ወግ እንዳይቆጥሩብኝ። እኛ ሰፈር በአሁኑ ጊዜ ሰው ለሰው የሚመኘው ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

ፌኔት ሮበሌ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ነው። ከአባቴ እርሻ በተረፈችው ቦታ ላይ ጥቂት ላሞች አሉን፤ ባለቤቴ ዋቅጅራ ያልባል፣ እኔ ወተቱን በሚኒባሳችን ጭኜ እስከ መካኒሳ አቦ ድረስ ላሉ ሱቆች አከፋፍላለሁ። ከዚህ ሌላ የእርስዎ ደንበኛ ነኝ፤ ይህን ማዕረግ ያገኘሁት ከመደብርዎ አራት አዲስ ጎማ የገዛሁ ዕለት ነው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ያደረጉልኝ ውለታ ስለበዛ፣ እንዳይምታታብኝ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጎማዎቹ ጥራት አመሰግናለሁ። ገና ክረምቱ ሳይወጣ፣ ወተት ጭኜ ወደ መካኒሳ ስወርድ፣ የፊተኛው ቀኝ ጎማ የላይኛው ቆዳው ተገፎ ፈነዳ። መሪው ከእጄ አፈተለከና መኪናዋ የመንገዱን አካፋይ መትታ፣ አፍንጫዋን ወደ መጣችበት አዙራ ቆመች። ወተቱ አስፋልቱን አለበሰው። እኔ ቀበቶ አስሬ ስለነበር ደረቴ ላይ ቀበቶው የጠቆረ መስመር ከማስመሩ በቀር ምንም አልሆንኩም። ከኋላዬ ይመጣ የነበረው የጭነት መኪና ሹፌር ፍሬን ባይዝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰው አይኖርም ነበር፤ እርስዎም ለማንበብ ባልተቸገሩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሠራተኞችዎ ትዕግሥት አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ጥፋቱ የመንገዱ እንደሆነ አስረዱኝ። ሁለተኛ ጊዜ ስመጣ የንፋሱ ልክ ሆነ፤ ቀጥሎ የእኔ አነዳድ፣ በመጨረሻም የወተቱ ክብደት። እነሱ ሲያስረዱኝ እኔ ስረዳ ሰነበትን። በኋላ የባለቤቴ ወንድም ስልኩ ላይ አንድ ማስታወቂያ አሳየን፤ ለካ የጎማው ፋብሪካ ራሱ፣ የዚህ ዓይነት ጎማ ቆዳው በሙቀት ስለሚላቀቅ የገዛ ሁሉ እንዲመልስ ጥሪ አድርጎ ኖሯል። ይህንን ይዤ ስመጣ ሠራተኛዎ በትሕትና «ጥሪው እኛ አገር አልደረሰም» አለችኝ። ጎማው የደረሰበትን መንገድ ጥሪው እንዴት እንደሳተው እስከዛሬ አልገባኝም፤ የእኔ ነገር ሆኖ ነው እንጂ ምክንያት ሳይኖራችሁ አይቀርም።

የሆነው ሆኖ፣ ከብዙ ምልልስ በኋላ የተረፉትን ሦስት ጎማዎች ተቀብላችሁ የሌላ ፋብሪካ ጎማ ቀየራችሁልኝ፤ በዚያ ልክ የመጨረሻው እንደሆነም ነገራችሁኝ። ያን ጊዜ ሠራተኛዋን «እነዚህ ሌላ ሰው እጅ አይገቡም አይደል?» ብዬ ጠየቅኳት። «ኧረ ምን ነካዎት፣ ተቆራርጠው ነው የሚወገዱት» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ ስለ ድርጅትዎ ለጎረቤት ሁሉ መልካም ተናገርኩ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልጽፍ አስቤ አልሆነልኝም፤ ይታገሡኝ።

ልጄ ኦብሴ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። መጀመሪያ ከእርስዎ የገዛኋቸውን አራት ጎማዎች ባሰርን ሰሞን ባለቤቴ የግቢያችንን በር ነጭ ቀለም ይቀባ ነበር። እሷ ብሩሹን ሰርቃ በሦስቱ ጎማዎች ጎን ላይ የስሟን ፊደላት አንድ አንድ አድርጋ ጻፈችባቸው፤ ኦ፣ ብ፣ ሴ። ሳትጽፍበት የቀረው አራተኛው፣ በኋላ የፈነዳው ነው።

ሦስቱን ለእናንተ ካስረከብኩ በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «እማዬ፣ ስሜ የጋሼ ኢስማኢል ሰርቪስ ላይ አለ» አለችኝ። ኢስማኢል ከእኛ ጥቂት በሮች አልፎ የሚኖር ጎረቤታችን ሲሆን የሰፈሩን ሕፃናት በሚኒባሱ ትምህርት ቤት የሚያመላልስ ሰው ነው። ልጄም ከእነሱ አንዷ ናት። «ኦ አለ፣ ሴም አለ። ብ ግን የለም» ብላ ቅር አላት።

ነጠላ ጫማዬን እንኳ በወጉ ሳላጠልቅ ሄድኩ። ኢስማኢል መኪናውን እያጠበ ነበር። የኋላዎቹን ሁለት ጎማዎች ገና ከሩቅ አወቅኳቸው።

«ኢስማኢል፣ እነዚህን ከየት አመጣሃቸው?»

«ከጸዳል መንገድ መጋዘን ነው። ትንሽ ብቻ ተነድተዋል፣ ጤነኛ ናቸው ብለው ሸጡልኝ። ምነው?»

ነገርኩት። የያዘውን ባልዲ መሬት አስቀመጠና ተንበርክኮ ጎማውን በመዳፉ ዳሰሰው።

«ዛሬ ጠዋት በእነዚህ አሥራ አንድ ልጅ ጭኜ በቀለበት መንገድ አልፌያለሁ» አለ። ቀና ሳይል ቀጠለ፤ «የድሮዎቹ አልቀዋል ብሎ ትራፊክ ስላስቆመኝ ነው የቀየርኩት። አሁን በየትኛው ልሂድ? በዚያ እቀጣለሁ፤ በዚህ ደግሞ...»

አልጨረሰውም።

በማግስቱ ጠዋት ልጄን ቤት አስቀረኋት። ሰርቪሱ ሲዘገይባቸው ወላጆች ወደ እኔ ይደውሉ ጀመር፤ ጎረቤቱ ስለሆንኩ። እውነቱን ብናገር የኢስማኢልን እንጀራ የምቆርጠው እኔ ነኝ። ዝም ብል የሰው ልጆች በዚያ ጎማ ላይ ተጭነው ሲሄዱ በሬ ላይ ቆሜ የማየው እኔ ነኝ። ስልኩ በእጄ እየጮኸ እንደቆምኩ ኢስማኢል ሁለቱን ጎማዎች እያንከባለለ መጣ። በራችን ላይ አስደገፋቸው።

«ስሙ የልጅሽ ነው፣ ውሰጂው» አለኝ። «ስለ ወላጆቹ አትጨነቂ፣ አሁን ለሁሉም እኔው እደውላለሁ።»

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ወደ ድርጅትዎ መጥተን ነበር፤ እርስዎን ለማግኘት ባንታደልም ያቺው ሠራተኛዎ በተለመደው ጨዋነት አስተናገደችን። የተመለሰ ዕቃ የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ ምን እንዳደረጋችሁት መጠየቅ መብታችን እንዳልሆነ ገለጸችልን። ኢስማኢል ለመኪናው የሚሆን ሌላ ጎማ እንድትሸጥለት ሲለምናት፣ በዚያ ልክ አሁን ያለው ከዚያው ዓይነት ብቻ እንደሆነ፣ ከፈለገ ግን በቅናሽ ልትሰጠው እንደምትችል ነገረችው። ኢስማኢል አመስግኗት ወጣ። ከተማውንም ዞሮ አይቶታል፤ በዚያ ልክ ያለው ከእርስዎ ዘንድ ብቻ ነው። እኔ በመጨረሻ «ብ» የተጻፈበትን ሦስተኛውን ጎማ ማን እንደገዛው ጠየቅኳት። «የደንበኞቻችንን ምስጢር አሳልፈን አንሰጥም» አለችኝ። ምን እንደገዛ የማያውቅን ሰው ምስጢር፣ ከራሱም ጭምር፣ እንዲህ አጥብቃችሁ ስለጠበቃችሁለት በእሱ ስም አመሰግናለሁ።

አሁን ያለንበትን ሁኔታ ላሳውቅዎ። የኢስማኢል መኪና ከኋላ ድንጋይ ተደግፋ ቆማለች። እሱ ግን ልማድ ሆኖበት ማለዳ ይነሳና መሪው ላይ ይቀመጣል፤ ልጆቹ ከእናቶቻቸው ጋር በእግር ሲያልፉ በመስኮት እጁን ያውለበልብላቸዋል። ሁለቱ ጎማዎች እኛ ግቢ ናቸው። ቁራሌው ባለፈ ቁጥር «እናንተ ቤት ጎማ አለ አሉ» እያለ በሩን ያንኳኳል። ቀድጄ ልጣላቸው ብዬ የሰፈራችንን ጎሚስታ ባማክረው፣ የተቀደደም ቢሆን ተሰፍቶ እንደሚሸጥ ነገረኝ። ልሸጣቸው አልችልም፤ ልጥላቸው አልችልም። ከላሞቹ ጋር አብረው ያድራሉ። እኔና ዋቅጅራ ተያይዘን ዘመድ መጠየቅ አቁመናል፤ ከሁለት አንዳችን ግቢ መቅረት አለብን።

ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ «ግቢ እንጂ» እያለኝ እኔ ጎንበስ ብዬ ጎማ አያለሁ፤ ሰልፈኛው ይቆጣኛል፣ አንዳንዱ የጣልኩት ነገር ያለ መስሎት አብሮኝ ይፈልጋል። ልጄም በመንገዷ ሁሉ ፊደሏን ትፈልጋለች። ለእሷ ጨዋታ ነው። ስታገኘው እንደምትነግረኝ ቃል ገብታልኛለች፤ እኔ ደግሞ ቆማ በምትጠብቅ መኪና ላይ እንድታገኘው እንጂ በሌላ ሁኔታ እንዳይሆን ነው የምለምነው።

አራተኛ ምስጋና የለኝም። የቀረኝ ልመና ነው። ያንን ጎማ የገዛውን ሰው ያውቁታል፤ ስልኩም ሳይኖራችሁ አይቀርም። አንድ ጊዜ ይደውሉለት። ስሜን መጥራት አያስፈልግም፤ የእርስዎንም ስም አይጥሩ። «መኪናህን ጥግ አስይዝና ውረድ» ማለት ብቻ ይበቃል። ይህ የማይመችዎ ከሆነ ግን ይህ ደብዳቤ በአደባባይ የተጻፈው ለዚሁ ነውና፣ አንባቢ ሆይ፣ እባክዎ ወጣ ብለው የመኪናዎን ጎማ ጎን ይመልከቱ። በልጅ እጅ፣ በነጭ ቀለም፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዘመመች «ብ» ካለች ሞተሩን አያስነሱ።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ እያመሰገንኩ፣ ለድርጅትዎ ዕድገትን፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለደንበኞችዎ ደግሞ ቢያንስ የእርስዎን ያህል ዕድሜ እመኛለሁ።

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣
ያው የዘወትር ደንበኛዎ
ፌኔት ሮበሌ
ለቡ መብራት ኃይል፣ ነፋስ ስልክ ላፍቶ

ግልባጭ፦
ዛሬ መኪና ለሚሳፈር ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ አጥፌ ልልክ ስል ከድርጅትዎ አንድ ፒክአፕ መጣ። ሹፌሩ ሉቃስ የሚባል ትሑት ሰው ነው፤ ሁለቱን ጎማዎች ጭኖ እንዲመለስ እንደታዘዘ ነገረኝ። ልማድ ሆኖብኝ ጎንበስ ብዬ የመጣበትን መኪና ጎማ አየሁ። አራቱም ከዚያው ዓይነት ናቸው፤ የአንዱም ቆዳ ከጠርዙ መላቀቅ ጀምሯል። አሳየሁት። እዚያው ቆሞ ወደ ቢሮ ደወለና ስልኩን ለእኔም እንዲሰማ አድርጎ ጠየቀ። «እሱንማ እናውቃለን፣ አንተ ቀስ ብለህ ንዳ» አሉት። ሉቃስ ስልኩን ዘጋ። ቀጥሎ «እትዬ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» ብሎ ቁልፉን በእጄ አስቀምጦ በታክሲ ሄደ። ፒክአፕዎ የግቢያችንን መውጫ ዘግቶ ቆሟል፤ እኔም ወተቴን ይዤ መውጣት አልቻልኩም። ቁልፉ ከእኔ ዘንድ ነውና ሌላ ሠራተኛ ከማስቸገር እርስዎ ራስዎ መጥተው ይውሰዱት። ስለ መንገዱ አይጨነቁ፤ ቀስ ብለው ይነዱታል።