በሁዳዴ መወፈር

ሰኞ፣ መጋቢት

…ከዚያ እናቴ የእጄን አንጓ በሁለት ጣቷ ትከብበዋለች፤ ጣቶቿ ተገናኝተው ሲተላለፉ ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ አንድ ነገር ትላለች። ምን እንደምትል ግን አይመጣልኝም። ስድስት ዓመቴ ይሆን? ሰባት? ጎረቤቷ ስትስቅ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ይህን ያስታወሰኝ ሽማግሌ አድርጌ የላክሁት ጓደኛዬ ከድር ነው። ዛሬ ከሁሩታ መልስ ይዞልኝ መጣ። እህል ነጋዴው አቶ ደምሴ ልጃቸውን ወይንሸትን አልከለከሉኝም፤ አልሰጡኝምም። «ልጁ ጨዋ ነው አሉ፣ ሥራም አለው። ግን አንገቱ ቀጥኗል። ሳል ይኑርበት አይኑርበት በምን አውቃለሁ? እሑድ ይምጣና ልየው» ብለዋል። ሳል ሲሉ የሳንባ ነቀርሳ ማለታቸው ነው። ታላቅ ልጃቸው ባሏን በዚሁ በሽታ ቀብራለች። አይፈረድባቸውም።

አልስልም። ይህን ጽፌ ሳበቃ ሳል መጣብኝ። የአቧራ ነው።

እስከ እሑድ መወፈር አለብኝ። በሁዳዴ። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም የለ።

ማክሰኞ

የምሠራበት የፖስታ ቤት መስኮት ለቀጭን ሰው መጥፎ ቦታ ነው። የሚታየው ፊት ብቻ ነው፣ እንደ ፎቶግራፍ በእንጨት ተከቦ። ቴምብር የሚገዛ ሁሉ ስለ ጉንጬ ሐሳብ አለው። የእሑዱን ነገር ማን እንደ ነገራቸው አላውቅም። (አውቃለሁ። አክስቴ ናቸው።) የዛሬዎቹ፦

ኮሶ ጠጣ።

ኮሶ እንዳትጠጣ፣ ያለችህንም ሥጋ ይዟት ይሄዳል።

በየትኛው ጎንህ ነው የምትተኛው? በግራ? አየህ!

አንድ ሽማግሌ ደግሞ «አንተን የጨረሰህ ንባብ ነው፣ ተወው» አሉኝ። ይህን ያሉኝ የልጃቸውን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ካነበብሁላቸው በኋላ ነው።

ወይንሸትም አንድ ቀን እዚሁ መስኮት መጥታ ነበር፣ ናዝሬት ላለው ወንድሟ ዕቃ ልትልክ። ስለ ጉንጬ ምንም አላለችም። «ዝናቡ እስኪያባራ እዚህ ጥግ ብቆም ይከፋዎታል?» ነው ያለችኝ። አይከፋኝም አልሁ። ወዲያው አባራ። እንደዚያ ዝናብ ያናደደኝ የለም።

ቤት ስገባ አክስቴ እትዬ ዘነበች አንድ ማሰሮ ተልባ በጥብጠው፣ በሶ ጨብጠው ይጠብቁኛል።

«ጠጣ።»

«ጠግቤያለሁ እትዬ።»

«የጠገበ ሰው አንገት ይኼ ነው? ደግሞ በእግርህ ነው የመጣኸው?»

«በምን ልምጣ ታዲያ?»

«ይኸዋ! የበላኸውን እኮ መንገድ ላይ እየጣልኸው ነው የምትመጣ!»

ቤታችን ከፖስታ ቤቱ በረንዳ ላይ ይታያል።

ረቡዕ

ማለዳ በር ተንኳኳ። ታደሰ ነው፣ የስፖርት መምህሩ ጓደኛዬ። የስንዴ ጆንያ ይዟል።

«ሥጋ በመብላት አይመጣም፣ በላብ ነው። ተነስ አንተ!»

ጆንያውን ተሸክሜ ግቢውን ዞርሁ። በሆዴ ተኝቼ መሬቱን በእጄ እየገፋሁ ተነሣሁ፣ ወደቅሁ። ተልባው በውስጤ ወዲያና ወዲህ ይላል። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ።

«ምን አጥፍቶ ነው የምትቀጣው?»

«እያጠነከርሁት ነው እትዬ።»

«እኔ በማንኪያ ያገባሁትን አንተ በአካፋ ልታወጣው ነው? ውጣልኝ ከግቢዬ!»

«እርስዎ ሆዱን ነው የሚያወፍሩት! ሆድ ለማን ይታያል?»

ተጨቃጨቁ። እኔ መሬት ላይ እንደ ተኛሁ ነኝ። የድንበር ክርክር ይመስላል፤ መሬቱ እኔ ነኝ። መሬቱን የጠየቀው የለም።

ከሰዓት በኋላ ማኅተም ልመታ ቀኝ እጄ አልነሣ አለኝ። በግራዬ መታሁ። ሁሉም ተጣሞ ወጣ።

ሐሙስ

ከድር ጭኮ አመጣልኝ። የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ፣ እናቱ የሠሩት። ጨርቅ ሱቁን ለወንድሙ ትቶ፣ እንደ ኮንትሮባንድ በብብቱ ሸጉጦ ነው የመጣው።

«አቦ፣ በቀን ሁለት ጉርሻ! እሑድ በሬ ትሆናለህ።»

«ጾም ነው እኮ ከድር።»

«ወላሂ ረሳሁት።»

አልረሳም። ዓይኑ ይስቃል። መመለስ ደግሞ የእናቱን እጅ መናቅ ይሆናል። መሳቢያ ውስጥ አስገብቼ ቆለፍሁበት።

ቅቤ ቁልፍ አያግደውም። ረፋዱ ላይ ክፍሉ በሙሉ ሸተተ። አንዲት እናት የገዙትን ቴምብር አሸተቱ፤ ቀጥለው እኔን።

«ልጄ፣ ይኼ ምንድነው?»

«ሙጫ ነው እማማ።»

«የፈረንጅ ሙጫ ጥሩ ነው» አሉና ደግመው አሸተቱት።

አልበላሁም። እዚህ ይጻፍ፦ አልበላሁም። ጣቴን ግን አሸትቻለሁ። ዋሽቻለሁም። ብበላው ይሻል ነበር ይሆን?

ዓርብ

የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ሰንበት መስኮቱ ድረስ መጡ። የሙጫው ወሬ ደረሳቸው ብዬ ደነገጥሁ። ነገሩ ሌላ ነው።

«አክስትህ ነግራኛለች። የታመመ ሰው ወተት ቢጠጣ፣ እንቁላል ቢበላ እግዚአብሔር አይቆጣም። እፈቅድልሃለሁ። ታመሃል?»

አዎ ካልሁ እስከ እሑድ ወተትና እንቁላል አለልኝ፤ ግን በሽተኛ ነኝ። አይደለም ካልሁ ጤነኛ ነኝ፤ ግን አንገቴ ይኸው ነው። ወፍሬ ለመታየት መታመም፣ ጤነኛ ለመባል መክሳት።

«ታመሃል ወይ?»

«አልታመምሁም አባ።»

«እንግዲያስ ጹም።»

መስቀል አሳልመውኝ ሄዱ። ከኋላቸው ተራ የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ጆሮ ሆነዋል። አንዱን አወቅሁት። የአቶ ደምሴ እህል ጫኝ ነው። ደብዳቤውን ሲያቀብለኝ እጄን ላለመንካት በጫፉ ያዘው።

ቤት ስገባ ለመጀመሪያ ጊዜ እትዬን ተናገርኋቸው። «አባን ታሟል ብለው ነገሯቸው?»

«ወተት እንድታገኝ ብዬ ነው» አሉና አለቀሱ። ምን ላድርግ? በሶውን በልቼ አባበልኋቸው። ሁለተኛ ጭብጥ ሲያመጡ እንባቸው ደርቆ ነበር።

ቅዳሜ

ከድር መላ አገኘ። ከኮቴ ሥር ሦስት ሹራብ ደራርቦ አለበሰኝና ከሱቁ መስታወት ፊት አቆመኝ። ደረቴ የታደሰ ሆነ። አንገቴ የራሴ ነው።

«አንገትህን ኮሌታው ይደብቀዋል።»

«ውሸት አይሆንም?»

«ሹራብ ውሸት ነው? በብርድ አገር?»

በሳምንቱ ውስጥ የማይዋጥ፣ የማያደክም ምክር ይኸ ብቻ ነው። ሲሞቅም ደስ ይላል።

እሑድ

ከሁሩታ የተመለስሁት በኮትና በሸሚዝ ነው። የከድር የጭነት መኪና መስኮቱ አይዘጋም። አሁንም ጋቢ ተከናንቤ ነው የምጽፈው። መልስ? እኔ እንጃ።

ሁሩታ ከእኛ ከአሰላ ዝቅ ይላል፣ ይሞቃል። ይህን ከድር ያውቃል፤ ጨርቅ ጭኖ በየሳምንቱ ይወርዳል። እኔም አውቃለሁ። ሁለታችንም አላሰብነውም። መኪናው ቁልቁል በወረደ መጠን እኔ ቀለጥሁ። አቶ ደምሴ ቤት ስንገባ ላቤ በአፍንጫዬ ጫፍ ይንጠባጠባል።

አቶ ደምሴ እህል ሲገዙ አንድ ፍሬ በጥርሳቸው ሰብረው ያያሉ አሉ። እኔንም እንደዚያው አዩኝ።

«ታመሃል የሚል ወሬ ሰማሁ።»

«አልታመምሁም ጌታዬ።»

«ይኼ ላብስ?»

ከድር የጣሪያውን ማገር ይቆጥራል። አሁን ሙጫ ነው ማለት አይቻል። ተነሥቼ ኮቴን አወለቅሁ። ቀጥዬ ሹራቡን። ቀጥዬ ሁለተኛውን። አቶ ደምሴ በትዕግሥት ይመለከታሉ።

«ሌላ አለ?»

«አንድ ቀርቷል።»

«አውልቀው እንጂ፣ ምን ያሳፍርሃል።»

አወለቅሁ። ይኸው ነኝ። ሸሚዜ ገላዬ ላይ ተጣብቋል፣ አጥንቴ ይቆጠራል። አጠገቤ መጥተው አንጓዬን ያዙ። ጣቶቻቸው ተገናኙ፣ ተላለፉ።

«እስቲ ሳል፣ ልስማው።»

ሞከርሁ። ሳምንቱን ሙሉ የፈራሁት ሳል አልመጣ አለ። እህ፣ እህ ብዬ አንድ የማይረባ ድምፅ አወጣሁ። ከውስጥ ክፍል፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ ሴት ሳቀች። አቶ ደምሴ ወደዚያው ገቡ። ሲነጋገሩ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም።

ወይንሸት ገበታ ይዛ ወጣች። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ለአራት ሰው የሚበቃ። ከድር «ብላ፣ ብላ፣ እያዩህ ነው» እያለ በክርኑ ጎሸመኝ። በላሁ። ትንፋሽ እስኪያጥረኝ በላሁ። ጎንበስ ብላ ገበታውን ስታቀርብልኝ በዝግታ እንዲህ አለች፦

«ከበቃዎት ይተዉት።»

እጄን ሰበሰብሁ። ሹራቦቹን ከመደቡ ላይ አንሥታ አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፤ አቅፋቸው ወደ ውስጥ ገባች። መጋረጃው ተመለሰ። አቶ ደምሴ እሺም እምቢም ሳይሉ ሸኙን፤ ሹራቦቹን የመለሰልኝ ግን የለም።