ለሐሙስ ጠዋቱ ዶክተር፦ ስለ ባለቤቴ ጉልበትና ስለ እብነ በረዱ መቀመጫ

ለክቡር ዶክተር ቱናይ ኤርጉቬን፣
የታሽሊቡሩን ጥንታዊ ከተማ ቁፋሮ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለጤናዎ፣ ለወገብዎ፣ ለዚያ ሰፊ የገለባ ባርኔጣዎ፣ ከሁሉም በላይ ለድምፅዎ ደህንነትን እመኛለሁ፤ ድምፅዎ በየሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ከወደቡ በር ተነስቶ የሆቴሎቹን ጃንጥላዎች ሁሉ አልፎ እኔ በረንዳ ድረስ ስለሚመጣ፣ አንድ ቀን እንኳ ቢዘጋ ከማንም ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ።

ስሜ ኑስረት ዳሊጃ ይባላል። በዚህ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ሳድል ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቤቶቻችን በጥንቱ ከተማ ፍርስራሽ መካከል ስለተሠሩና ብስክሌት ስለማይሄድበት ሥራዬ ሁሉ በእግር ነበር፤ ከወደቡ እስከ ቲያትሩ፣ ከቲያትሩ እስከ ዓምዶቹ መንገድ ያለውን እያንዳንዱን ድንጋይ ጫማዬ ያውቀዋል። የሌላውን ሰው ደብዳቤ ተሸክሜ ኖርኩ እንጂ የራሴን ጽፌ አላውቅም፤ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያላሸግኩትም ከሙያዬ በተማርኩት ነው። የታሸገ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ስንት ወር እንደሚተኛ አውቃለሁ፤ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ግን በዕለቱ ይደርሳል።

ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ። እርስዎ ያገኙት ድንጋይ ላይ ሁሉ ቁጥር የሚጽፉ ሰው ስለሆኑ ይቀልዎታል ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ባለቤቴ ጉልበት። ባለቤቴ ፔሪሃን ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት «እስቲ ወጣ ብለን በእግራችን ዞር ዞር እንበል» ባልኳት ቁጥር «ኧረ ተወኝ ኑስረት፣ ጉልበቴን ገደለኝ» ትለኝ ነበር። እርስዎ ለከተማው ነዋሪ በነጻ የሚሰጡትን የእግር ጉብኝት ከጀመሩ ወዲህ ግን ይኸው ጉልበት አሥራ አንድ ሐሙስ ሙሉ የቲያትሩን ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ከርሟል። ሐኪሞች ያቃታቸውን በባርኔጣ ብቻ ስላዳኑልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ቀይ የመራመጃ ጫማም ገዝታለች። ከእኔ ጋር ገበያ ስትወጣ የምታደርገው ግን ያንኑ አሮጌ ነጠላ ጫማዋን ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ቦሬክ። የአይብ ቦሬክ፣ ያ በስስ ሊጥ ተነባብሮ የሚሠራው፣ በቤታችን የሚጋገረው ለበዓል ብቻ ነበር። አሁን በየሳምንቱ ይጋገራል፤ መሃል መሃሉ በንጹሕ ፎጣ ተጠቅልሎ ወደ እርስዎ ይጓዛል፤ ያረረው ዳር ዳሩ ለእኔ ይቀራል። ቅር መሰኘቴን ስታይ «አንተ ደግሞ! ምስኪን እናቱ ሩቅ ናት፣ ማን ያበስልለታል?» ትለኛለች። የእኔ እናት ከሞተች ሃያ ዓመት ሆኗታል፤ ከዚያ የባሰ ሩቅ ያለ አይመስለኝም። ባለፈው ወር ደግሞ ሻይ ሊጠጡ ወደ ቤታችን በመጡ ጊዜ፣ እኔ አንድ ቀን እንኳ እንድደገፈው ያልተፈቀደልኝን ባለ ጥልፍ ትራስ አውጥታ በጓሯችን የድንጋይ መቀመጫ ላይ አነጠፈችልዎ። እርስዎም ተመቻችተው ሦስት ብርጭቆ ሻይ እየጠጡ፣ ከአንድ ጥንታዊ ሕንፃ መቀመጫ ላይ አንድ ቁራጭ እንደጎደለና ቁራጩን ለስድስት ዓመት በቤተ መዘክሮች ሁሉ፣ በባሕር ማዶም ጭምር፣ ሲያፈላልጉ እንደኖሩ እያዘኑ አጫወቱን።

ሦስተኛ፤ በቤቴ ውስጥ አንድ ሌላ ሰው ገብቶ እየኖረ ነው፤ ስሙም «ዶክተሩ እንዳሉት» ይባላል። ሾርባው ጨው ጎደለው ስላት፣ ዶክተሩ እንዳሉት በጥንት ዘመን ጨው ብርቅ ነበር ትለኛለች። ስለ ዓምዶቹ አንዲት ቃል ከተነፈስኩ «አይደለም ኑስረት፣ ዶክተሩ እንዳሉት…» ብላ ሠላሳ አንድ ዓመት የረገጥኩትን መንገድ ለእኔው ትተርክልኛለች። ቅናተኛ ሰው አይደለሁም ብዬ ልጽፍ ነበር። ደብዳቤው ግልጽ ከሆነ ግን እኔም ግልጽ ልሁን፤ እቀናለሁ። አንጀቴ እስኪያር ድረስ እቀናለሁ።

አራተኛ፤ ስለ ቡናማው ምልክት። ከአርባ አንድ ዓመት በፊት፣ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር፣ ፔሪሃንን ከወደቡ በር አንስቼ በእግር ወሰድኳት። በቲያትሩ ሥር፣ በዓምዶቹ መካከል አልፈን ባሕሩ ዳር ግድግዳ ተጠግቶ በረድፍ ከተሠራ ረጅም የእብነ በረድ መቀመጫ ደረስን። ምን እንደነበረ አላውቅም ነበር። ነገር ግን አጠገቤ እሷ አለች፣ ጀምበር እየጠለቀች ነው፤ አላውቅም ማለት እንዴት ይቻላል? የፍቅር አምላክ መቅደስ ነው፣ ሙሽሮች ቃል የሚገባቡት እዚህ ላይ ተቀምጠው ነበር አልኳት። ቀዳዳዎቹስ ስትለኝ የአበባ ማስቀመጫ ናቸው አልኩ። ከዚያ ታገቢኛለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ ከንፈሯን ነክሳ እሺ አለችኝ። በየዓመቱ በዚያው ቀን፣ ጉልበቷን በሚያማት ጊዜ እንኳ ቀስ እያልን፣ እየሄድን እንቀመጥበት ነበር። መንገድ ለጠየቀኝ ጎብኚ ሁሉ ይህንኑ ስናገር ስለኖርኩ፣ ስንትና ስንት ጥንዶች እዚያ ተቃቅፈው ፎቶ ተነስተዋል።

ዘንድሮ እርስዎ ስፍራውን በገመድ አጥረው «የሕዝብ መጸዳጃ ቤት፣ ለሃያ ሁለት ሰው» የሚል ቡናማ ምልክት በሦስት ቋንቋ ተከሉበት። ስለ ትክክለኛነትዎ አመሰግናለሁ። ፀጉር አስተካካዩ ካዚምም ያመሰግንዎታል፤ ሻይ ቤት በገባሁ ቁጥር «ኑስረት ወንድሜ፣ እስቲ ንገረና፣ ወረፋ ይዘህ ነው ወይስ ቸኩለህ ነው የጠየቅካት? የቀሩት ሃያዎቹስ ቆመው አጨበጨቡልህ?» እያለ ሰው ሲያስቅብኝ ይውላል።

አምስተኛ፤ ዋናው ይህ ነው። ባለፈው ሐሙስ ያ ቀናችን ነበር። ተላጭቼ፣ ኮቴን ለብሼ ስጠብቃት እሷ ቀዩን ጫማዋን አስራ ወደ እርስዎ ሄደች። ተከተልኳችሁ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ከዓምድ ወደ ዓምድ ስሸሸግ ያዩኝ የፍርስራሹ ድመቶች ብቻ ናቸው። መጸዳጃው ጋ ስትደርሱ «ይህ ምን እንደነበረ የሚገምት አለ?» ብለው ጠየቁ፤ ፔሪሃን እጇን አወጣች።

«እኔ ምን ያስገምተኛል ዶክተር?» አለች። «አባቴ በመጀመሪያው ቁፋሮ አካፋ ያዥ ነበር፤ ሽንት ቤት መሆኑን በዘጠኝ ዓመቴ ነው ያወቅኩት። ባሌ እዚህ አስቀምጦ የፍቅር መቅደስ ነው ሲለኝ ሳቄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው። ግን ሳየው ጆሮው ፍም መስሏል። ሽንት ቤት ላይ ቁጭ አድርጎ እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር የሚፈጥርልኝ ሰው ሌላ ከየት አመጣለሁ? እሺ አልኩት።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እርስዎም ባርኔጣዎን አውልቀው ሳቁ። እኔ ከዓምዱ ጀርባ አልሳቅሁም። ስላፈርኩ አይደለም። አርባ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ለእኔ ያልነገረችኝን እርስዎ በአሥራ አንድ ሐሙስ ሰሙት። ቦሬኩን ይብሉ፣ ጉልበቱንም ይውሰዱት፤ ያንን ግን ቀድሜ መስማት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ ምልክቱን እንዲነቅሉት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ይቁም። የመጪው ሐሙስ ጉብኝት ቀርቶ ገመዱ ለእኔና ለእሷ ለአንድ ሰዓት እንዲፈታልን ብቻ ነው። በዕለቱ ድምፅዎ በድንገት ቢዘጋም በእኔ በኩል ቅሬታ የለም።

ለጥንቱ ዘመን ያለዎትን ፍቅር፣ ለባለቤቴ ያለዎትን ትዕግሥትና ለቦሬክ ያለዎትን የምግብ ፍላጎት ዘወትር የማደንቅ፣ በቆፈሩት ጉድጓድ ሁሉ ይቅናዎ፣ ከጉድጓዱም ቶሎ አይውጡ ብዬ የምመርቅ፣

ከዓምድ ጀርባ የሚያከብርዎ
ኑስረት ዳሊጃ
ጡረተኛ ፖስተኛ

ከፈረምኩ በኋላ ያከልኩት፦ ስለ ጠፋው ቁራጭ መቀመጫ። በሠርጋችን ማግስት አማቴ፣ ያ አካፋ ያዡ የፔሪሃን አባት፣ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ከባድ ስጦታ ተሸክሞ አምጥቶ ጓሯችን አስቀመጠልንና «በሉ፣ ቁጭ ብላችሁ ተደሰቱበት» ብሎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ለምን እንደሳቀ የገባኝ ምልክትዎን ሳነብ ነው። ባለ ጥልፉን ትራስ ገለጥ ቢያደርጉት ኖሮ ሁለት ቀዳዳ ያገኙ ነበር። ድንጋዩ የመንግሥት ስለሆነ መጥተው ይውሰዱት፤ ትራሱ ግን ይቀራል። ያነጠፈችው ለክብርዎ መስሎኝ ስቀና የከረምኩት በከንቱ ነው። በአሥራ አንድ ሐሙስ ሁሉን ነገር ስትነግርዎ ይህቺን ግን አልነገረችዎትም፤ እርስዎ ላዩ ላይ ተቀምጠው ስለ መጥፋቱ ሲያዝኑ፣ እሷ ሦስተኛውን ብርጭቆ እየቀዳችልዎ ወደ እኔ ዞር ብላ ከንፈሯን ነከሰች።