አባዬ ያመጣው ሃስኬል

ማክሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ጅግጅጋ

ዘጠና አንድ ፐርሰንት ላይ ቆመ። ደግሞ! ፋይሉ ከጠዋት ጀምሮ ከኢንተርኔት ሲወርድ ውሎ፣ ልክ ምሳ ልበላ ስነሳ ኔትወርኩ ጠፋ።

የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን በር ላይ ቆሞ ያየኛል። «ሰሚራ፣ እስከ ሰኞ የኮምፒውተር ላቡ ካልሠራ ኮርሱን በተለመደው ጃቫ እንተካዋለን።» ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ከመጀመሪያውም አልተዋጠለትም። ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ ይሰጥ ብዬ ዓመት ሙሉ የለመንኩት እኔ ነኝ። ቋንቋው ሃስኬል ነው፤ ተማሪዎቼ የሚጽፉትን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ግን አንዱም ኮምፒውተር ላይ የለም። ግማሾቹ በዊንዶውስ፣ ግማሾቹ በኡቡንቱ ይሠራሉ። ተማሪዬ ፈርዶሳ ደግሞ አክስቷ ከውጭ የላከችላትን ማክ ይዛ ትመጣለች። ለሦስቱም የየራሳቸው ፋይል ያስፈልጋል።

ድሬዳዋ ያለችው ጓደኛዬ ሕይወት ሦስቱንም አውርዳ ጨርሳለች። እነሱ ጋ ኔትወርኩን ምን እንደሚቀልቡት እንጃ።

ማታ ስነጫነጭ አባዬ ሰማኝ። ነገ ለሱቁ ማካሮኒና ሳሙና ሊያመጣ ድሬዳዋ ይሄዳል። «ፍላሹን ስጪኝ። ኮፒ ማድረግ አንቺው አስተምረሽኝ የለ!»

ሐሙስ

አባዬ ገባ። ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው ያመጣው። ሕይወት ሥራ ላይ ስለነበረች እናቷ ኮምፒውተሩን ከፍተውለት፣ ራሱ ገለበጠ። «ሦስቱም አሉ። ስማቸውን አንድ በአንድ አይቻለሁ።»

ስሞቹ በእርግጥ አሉ። ሕይወት ፋይሎቹን ሌላ ቦታ አስቀምጣ ዴስክቶፑ ላይ ሾርትከት ነው የተወችው፤ አባዬ የገለበጠው ሾርትከቶቹን ነው። አድራሻውን ይዞ መጣ፤ ቤቱ ድሬዳዋ ቀረ።

ፊቴን ያያል። «ሠራ?»

«ሠርቷል አባዬ። አላህ ያክብርልኝ።»

ምን ልበል! ትንሽ ቆይቶ ለእማ ሲነግራት ሰማሁት፦ «የልጅሽ ተማሪዎች የሚማሩት እኔ ባመጣሁት ነው።» አንጀቴን በላው።

ለሕይወት ደወልኩላት፤ መሳቋ አልቀረም። እስከ ሰኞ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ግን የላትም።

አርብ

አባዬ ሱቁን ለእማ ትቶ በጠዋት ወጣ። ቱሊ ጉሌድ ገበያ ሄጄ ፍየል ልገዛ ነው አለ። በዓል የለ፣ ድግስ የለ፣ የምን ፍየል?

እኔ እንደገና ማውረድ ጀመርኩ። አርባ ፐርሰንት፣ ከዚያ ጸጥ። ጃቫ ማስተማር አያቅተኝም። ግን ማልቀስ አማረኝ።

አባዬ ዛሬ አልገባም። «እዚያው አድራለሁ» ብሎ ለእማ ደውሏል። አንድ ፍየል ለመምረጥ!

ቅዳሜ

ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። አባዬ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ወረደ። ፍየሉ ሞቷል ብዬ ደነገጥኩ።

ገለጠው። የሕይወት ኮምፒውተር! ሙሉው!

ለካስ ሊያመሰግናት ደውሎላት ኖሯል፤ እሷ ደግሞ መዋሸት አትችልም። «ምኑ እንደሚገለበጥ ስላልገባኝ እንዳለ አመጣሁት» አለ። «ብሳሳት ደግሞ ልትዋሺኝ ነው።» አልተቆጣም፤ እኔ ነኝ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ያለቀስኩት።

ከድሬዳዋ ሲመለስ ባቢሌ የጉምሩክ ኬላ ላይ ፈታሾቹ ብርድ ልብሱን አስፈትተውታል። ሰው ኤሌክትሮኒክስ ከጅግጅጋ ያወጣል እንጂ ማን ወደ ጅግጅጋ ያስገባል? «አባቴ፣ መንገዱ ተምታቶብዎት ነው?» ብለው ሲስቁ አብሯቸው ሳቀ።

እሁድ

ከፈርዶሳ ጋር ላቡን ከፍተን ገባን።

ዊንዶውስ፦ ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ። የአባዬን እግር እስማለሁ!

ኡቡንቱ፦ አንድ ተጨማሪ ፋይል ይጎድለኛል ብሎ አኮረፈ። እዚህ ኢንተርኔት የለ! ተስፋ ቆርጬ የሕይወትን አሮጌ ፎልደሮች ስጎረጉር አገኘሁት። ድሮ አውርዳ ራሷም ረስታዋለች። አባዬ ሦስቱን ፋይሎች ብቻ በትክክል ገልብጦ ቢሆን ኖሮ ይኼ አይመጣም ነበር። ብርድ ልብሱ ውስጥ ግን ሁሉም ነበር።

ማክ፦ እምቢ። ሌላ ትልቅ ነገር አውርዱልኝ ይላል። ፈርዶሳ እንደ አራስ ልጅ አባበለችው፤ ዞር ብሎም አላያት።

ሰኞ

«ቲቸር፣ ዋላሂ ሠራ!» ፈርዶሳ ናት፤ ማኳን ዘግታ ጓደኛዋ ኡቡንቱ ላይ ተደርባ። ኃላፊው ገብቶ ትንሽ አየና «በቃ፣ ቀጥዪ» ብሎ ወጣ። በቃ! ኮርሴ ተረፈ።

ቤት ስገባ አባዬ በር ላይ ይጠብቀኛል። «ሦስቱም ላይ?»

አዎ ልለው አፌን ከፍቼ ተውኩት። «ሁለቱ ላይ። ማኩ እምቢ አለ።»

«ኧረ ተመስገን። እንዲህ ንገሪኝ እንጂ!» ምነው ከመጀመሪያውም ነግሬው ቢሆን።

ቅዳሜ ኮምፒውተሩን ሊመልስ ነው። ብርድ ልብሱን ሲያጣጥፍ ሳየው ነው ድንገት የታየኝ። አሁን እኮ ኤሌክትሮኒክስ ይዞ ከጅግጅጋ ሊወጣ ነው፤ ያውም ያለ ደረሰኝ! ኮንትሮባንድ ነው ቢሉትስ?

«ያውቁኛል እኮ፤ አብረን ስቀናል» አለ።

«እነዚያው ፈታሾች ተረኛ ካልሆኑስ?» አልኩት። ብርድ ልብሱን እንደገና ማጠፍ ጀመረ።

አብሬው እሄዳለሁ። ከተያዝንም አብረን እንያዛለን።