ቀይና አረንጓዴ በአንድ ቅርጫት

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

ሐዋሳና አዲሱ ሥራሽ እንዴት ይዘውሻል? ጉንፋንሽስ ለቀቀሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ልጅሽ ፍሬ ስብሐት በልቶ አይጠግብም፤ በመስከረም የገዛሁለት ጫማ ከወዲሁ ጠቦታል።

በስልክ ያልነገርሁሽ ነገር አለ። ባለፈው ወር ትምህርት ቤቱ ጠርቶኝ ነበር። «ልጁ ዘገምተኛ ስለሆነ ወደ ታችኛው ክፍል ይመለስ» ይላል የሰጡኝ ወረቀት። ዘገምተኛ! ደሜ ፈላ። ማስረጃ አምጡ አልሁ።

መምህርቱ ሊድያ በቀለም የሚለዩ የፕላስቲክ ኩቦች ፊቱ ዘረገፈች። ሰማያዊውን ለብቻ፣ ቢጫውን ለብቻ፣ የቀረውን በአንድ ቅርጫት አደረገ። እኔም «ታዲያ ስሕተቱ የቱ ላይ ነው? አስተካክሎ ለይቶታል!» ብዬ ጮኽሁባት። ከዚያ ከቅርጫቱ ሁለት አንሥታ መዳፌ ላይ አኖረችና ቀዩ የትኛው፣ አረንጓዴው የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ገመትሁ። ሳቋን ልትውጠው ሞክራ አቃታት፤ «ጋሼ፣ ለካ ከእርስዎ ነው የወረሰው!» አለች።

ተቆጥቼ ወጣሁ። በማግስቱ ለዓይን ሐኪም አሳየሁት። ሁለቱን ቀለማት አይለይም እንጂ ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ አትሥጊ።

ከዚያ በባጃጅ ዘንዘልማ ሄጄ ክንዱ የሚባለውን አናጢ ከዋንዛ እንጨት ቁርጥራጭ ትንንሽና ትልልቅ ዓሦች፣ ታንኳዎችም እንዲሠራ አዘዝሁት፤ ቀለም የሚባል እንዳይነካቸው። ጠርዛቸው የሻከረውን ዐሥራ አንዱን መለስሁበት። «የልጅ መጫወቻ ነው ወይስ የመቅደስ በር?» ብሎ አላገጠብኝ። የልጄ ልጅ የሚይዘው ነው፣ እንደገና ሞርደው አልሁት።

የዛሬ ሳምንት በሊድያና በርእሰ መምህሩ ፊት ጠረጴዛው ላይ አፈሰስሁት። ልጅሽ ዓሣውን ከዓሣ፣ ታንኳውን ከታንኳ፣ ትንሹን ከትልቁ ለየ። ቀጥዬ አንድ ታንኳ ሁለት ዓሣ፣ አንድ ታንኳ ሁለት ዓሣ እያደረግሁ ደረደርሁና፣ ሆን ብዬ መካከል ላይ አንድ ዓሣ አጉድዬ፣ ቀጥል አልሁት። አልቀጠለም። ጣቱን ቀሰረና «አባባ፣ አታጭበርብር! እዚህ ጋ አንድ ዓሣ ጠፍቷል!» አለኝ። ርእሰ መምህሩ ራሳቸው አላዩትም ነበር! ወረቀታቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ልጅሽ ከክፍሉ አይነቃነቅም። ሊድያም ለተማሪዎቿ ሁሉ እንዳሠራላት ለምናኛለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንት መሐንዲስ አስመርቄያለሁ፤ እንደዚያች ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስድስት ዓመትሽ ሳለ የጣናን ዳር ሥለሽ አምጥተሽልኝ ነበር። «ቀይ ቅጠል የት አየሽ?» አልሁሽ። «አረንጓዴ ነው አባዬ» እያልሽ አለቀስሽ። ውሸታም ብዬ ለሁለት ቀደድሁት። ከዚያ ወዲህ ስትሥይ አላየሁሽም። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከዕቃዎቿ ጋር ደብቃው ኖሯል። ትናንት አገኘሁት። ለሊድያ ወስጄ ቅጠሉ ምን ቀለም እንደሆነ ጠየቅኋት።

ነገረችኝ።

አጣብቄ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። መስመሩ ትንሽ ተንጋድዷል፤ እጄ እንደ ድሮው አይደለም።

የጣና ገዳማት ጸሎት ከክፉ ይሰውርሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ መወደድን ይስጥሽ።

አባትሽ