ሳትፈቺው የሄድሽው ግዝት

አንጓችየ፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ደህና ነኝ እንዳልልሽ ጉልበቴን ታውቂዋለሽ፤ ደህና አይደለሁም እንዳልልሽ ደግሞ ዛሬ ከቤት እስከ ሚካኤል ደጅ በእግሬ ሄጄ ተመልሻለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ይቅርታ ልጠይቅሽ መስሎሽ ደስ እንዳይልሽ። ግዝትሽን አስፈትቼ ያንን መርፌ ጉልበቴ ውስጥ ተወግቻለሁ። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከኔ ስሚው ብዬ ነው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። የስፌት መኪናዬ አሁንም በረንዳው ላይ፣ ከአስፋልቱ ፊት ለፊት ነው። ባጃጁ በዝቶ የጋሪ ፈረሶቹ መሄጃ አጥተዋል። ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ አስጠግኜዋለሁ፤ ስትለምኚኝ ያልሠራሁትን ዛሬ ሠራሁት ብለሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ያንቺ በርጩማ ከመርገጫው አጠገብ እንደነበረ ነው። ባለፈው አንድ ደንበኛ ሊቀመጥበት ጎንበስ ሲል ጮኼበት፣ ሰውየው ሱሪውን ሳይለካ ሊሄድ ነበር።

በርጩማውን ባየሁ ቁጥር ያ የፋሲካ ዋዜማ ትዝ ይለኛል። የልጆች ልብስ ተቆልሎ፣ ቀኙ ጉልበቴ አብጦ፣ መርገጫውን ልረግጥ ስል ዓይኔ ላይ እሳት ይበራል። አንቺ በርጩማውን ስበሽ ተቀመጥሽና መርገጫውን በእጅሽ ትገፊው ጀመር። እኔ ላይ ሆኜ ጨርቁን እመራለሁ፣ አንቺ ታች ሆነሽ መኪናውን ታስሮጪያለሽ። ቀስ በይ፣ ስፌቱ ተጣመመ ስልሽ፣ አንተ እጅህን አፍጥን እንጂ ትይኛለሽ። የሰው ልጅ ሁሉ አዲስ ልብሱን ለብሶ ፋሲካን ዋለ። ለኔ ደግሞ ጨው በጨርቅ አሙቀሽ ጉልበቴ ላይ አሰርሽልኝ። እንዳንቺ የወደደኝ ሰው የለም፤ እንዳንቺ ያስቸገረኝም የለም።

የግዝቱ ነገር የመጣው በወንድምሽ በአለሙ እግር ነው። መርፌ በኪሱ ይዞ ከገበያ ገበያ የሚዞር ሰው ጉልበቱን ወግቶት፣ አብጦ መግል ይዞ፣ እግሩ ሳይታጠፍ ቀረ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እኔን ሐኪሙ ራጅ አይቶ፣ ጉልበትዎ ውስጥ መርፌ ብንሰጥዎ ሕመሙ ይቀልልዎታል ያለኝ ቀን፣ እዚያው ሐኪም ቤቱ በር ላይ ነጠላሽን አስተካክለሽ፣ «ያ መርፌ ጉልበትህ ውስጥ እንዳይገባ በቅዱስ ሚካኤል ገዝቼሃለሁ!» አልሽ። ያውም ሰው እየሰማ። እኔም ሳልወጋ ተመለስሁ። ሚካኤልን የሚደፍር ማን ነው?

ከዚያ አንቺው ቀደምሽኝ። አልጋ ላይ ሆነሽ ሁሉን ተናዘዝሽ። ቀሚስሽ ለማን፣ ድስቱ ለማን፣ ያቺ ቀይ ዶሮ እንኳ ለማን እንደምትሆን ተናገርሽ። ጋቢሽን «ለሱ ይሁን፣ ይበርደዋል» አልሽ። ግዝቱን ግን ሳትፈቺው ሄድሽ። ለዶሮ ያሰብሽ ሴት ጉልበቴን ረሳሽው! ስቀብርሽ አለቀስሁ፤ አርባሽ ካለፈ በኋላ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ተናደድሁብሽ።

ጉልበቴ ያለ አንቺ ባሰበት። መርገጫውን መርገጥ ቀርቶ ከአልጋ መውረድ ጭንቅ ሆነ። ልጃችን ትርንጎ ከባሕር ዳር መጣችና አየችኝ። «አባየ፣ መኪናውን ሸጠን እኔ ጋ ትኖራለህ። ሶፋ ላይ ተቀምጠህ ቴሌቪዥን ታያለህ» አለችኝ። ወዳኝ ነው፣ አልተቀየምኋትም። ግን እኔ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ሞትን የምጠብቅ ሰው ነኝ? ይህን በረንዳ ትቼ፣ አንቺን እዚህ አፈር ውስጥ ትቼ፣ የሰው ከተማ ቴሌቪዥን ልይ? አልሄድም አልኋት። ቆሜ ልላት ፈልጌ ነበር፤ መቆም አቃተኝ።

ያን ቀን ቆረጥሁ። መጀመሪያ በሚኒባስ ቡሬ ወረድሁና አለሙ ጋ ሄድሁ። ያችን የማትታጠፍ እግሩን ዘርግቶ በርበሬ ይለቅማል። የመጣሁበትን ስነግረው ሳቀብኝ። «እኔን የጎዳኝ መርፌው መሰለህ? ሰውየው እጁን እንኳ አልታጠበም እኮ! እህቴ ፍርሃቷን በኔ እግር ለክታ አንተን አለበሰችህ» አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አንቺም አልጠየቅሽው፣ እኔም አልጠየቅሁት።

ቀጥሎ የንስሐ አባታችን ነበሩ። እዚህ ላይ ብልጠቴን አድንቂልኝ። አባ ለእንዲህ ያለ ነገር ቀኖና አድርገው የሚሰጡት ስግደት ነው፤ ታውቂያቸዋለሽ። ለመታከም ግዝቱ መፈታት አለበት፣ ግዝቱ እንዲፈታ መስገድ አለብኝ፣ ለመስገድ ደግሞ መታከም አለብኝ። ዙሪያው ገደል ሆነብኝ። ስለዚህ ዝም ብዬ ፋሲካን ጠበቅሁ። በዓለ ሃምሳ እስኪያልፍ ስግደት እንደሌለ አባም እኔም እናውቃለን። የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሄጄ መስቀል ተሳለምሁና፣ አባ፣ ሟች ሚስቴ የገዘተችኝን ይፍቱኝ አልኋቸው። ነገሩን ሰምተው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ ሰፊ፣ ለክተህ ቆርጠህ ነው የመጣኸው» አሉኝ። ጢማቸው ውስጥ ሲስቁ አይቻለሁ። «እግዚአብሔር ይፍታህ። የሰኔ ጾም ሲገባ ግን ትሰግዳታለህ፤ የሚካኤል ስም ተጠርቶበታል» አሉ። እሺ አልሁ።

የአጥንት ሐኪሙ መንገዱ ሰላም ሲሆን ከባሕር ዳር እየመጣ የሚያይ ወጣት ነው። ስኳር እንዳለብኝ እንደሌለብኝ ጠየቀኝ። ጉልበቴን በመድኃኒት ደጋግሞ ጠረገ፤ መርፌውን ከታሸገበት እኔ እያየሁ አወጣው። ዕድሜዬን መርፌ ይዤ የኖርሁ ሰው ነኝ፣ የባለሙያ እጅ አይጠፋኝም። መጀመሪያ ከጉልበቴ ቢጫ ውሃ ቀዳ፣ ከዚያ መድኃኒቱን ሰደደው። ጥርሴን ነክሼ ስም ጠራሁ። ከሚካኤል በፊት ያንቺ ስም አፌ ላይ መጣ፤ ይህን ለአባ አልነገርኋቸውም።

አልዋሽሽም፣ የዚያን ቀን ጠዘጠዘኝ። የአለሙ እግር ታየኝና ፈራሁ፤ አንቺም ከላይ ሆነሽ ነግሬህ ነበር የምትይኝ መሰለኝ። ሐኪሙ ግን አስቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር ቀዝቃዛ ጨርቅ እየቀያየርሁ ተኝቼ ዋልሁ። በሳምንቱ መርገጫውን ረገጥሁት። መኪናው ሲጮህ ጎረቤቱ ሁሉ አንገቱን አወጣ!

ሐኪሙ አድንሃለሁ አላለኝም። በአጥንቶቹ መካከል የነበረው ለስላሳ ነገር አልቋል፣ መርፌው አይመልሰውም፣ ሕመሙን ለጥቂት ወራት ያስታግሳል እንጂ፤ ቶሎ ቶሎም አይሰጥም አለኝ። ይራመዱ፣ የጭንዎን ሥጋ ያጠንክሩ አለ። ጥቂት ወራት ለኔ ብዙ ነው። ስግደቱንስ ስለው ቅንድቡን አነሣና፣ «ግድ ከሆነ ቀስ ብለው፣ ከሥርዎ ለስላሳ ነገር አድርገው» አለኝ።

ለስላሳ ነገር ሲል የታየኝ ጋቢሽ ነው። ከጫፉ ቆርጬ፣ አጥፌ ደራርቤ፣ ከሱሪዬ ጉልበት ላይ ከውስጥ በኩል ሰፋሁት። ስንት ሺህ ጨርቅ የቆረጥሁ ሰው፣ መቀሱን ጋቢሽ ላይ ሦስት ጊዜ አሳርፌ ሦስት ጊዜ አነሣሁት። ገና ያንቺ ሽታ ነበረው። ሌላ ሰው ቢቆርጠው ዕድሜ ልኬን እጣላው ነበር።

የሰኔ ጾም ሲገባ ጠዋት ጠዋት ወደ ሚካኤል ወጣሁ። ዝናቡ መቃብርሽ ላይ ሣር አብቅሏል፤ ነቅዬ አልጨርሰውም። ትርንጎ፣ አባየ ይቅርብህ፣ ትወድቃለህ እያለች ትደውላለች። እኔ ግን ሰገድሁ። ግዝትሽን ለማስፈታት መሬት ስነካ ጉልበቴን የተቀበለው ያንቺው ጋቢ ነው። ብትገዝቺኝም አልለቀቅሽኝም ማለት ነው። ዛሬ የመጨረሻው ነበር። ግንባሬን መሬት አስነክቼ ትንሽ ቆየሁ። አባ ድካም መስሏቸው ሊያነሡኝ ሲመጡ እጄን አወናጨፍሁባቸው። ደክሞኝ አልነበረም፣ እያለቀስሁልሽ ነበር። ከዚያ ብቻዬን ተነሣሁ።

አሁን ስሚኝ። የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ ተመልሼ ሐኪሙ ጋ እሄዳለሁ፤ ከፈቀደልኝ እንደገና እወጋለሁ። ልትገዝቺኝ ከፈለግሽ ተነሺና እዚያው ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆመሽ ገዝቺኝ። ያኔ እሰማሻለሁ፣ ዕድሜ ልኬን በዳዴ ብሄድም እሰማሻለሁ። እስከዚያው በርጩማሽ ላይ ሰው አላስቀምጥም። ሱሪው ሲያልቅ ጋቢሽን እየተረተርሁ ወደ አዲሱ ሱሪ አዛውረዋለሁ። ሚካኤል በመጣ ቁጥር ስምሽን ላስጠራ እመጣለሁ፤ ሲሻለኝ በእግሬ፣ ሲብስብኝ በምርኩዝ፣ ግን በራሴ። ሰው ተሸክሞ ወደዚያ ግቢ የሚያስገባኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። የዚያን ቀን አልከራከርም፤ ጎንሽ ነው የሚያስተኙኝ።